ሰውየው ለምን ተነሳ? ከዲላ እስከ ኬንያ ሞያሌ

ሞያሌን አብዛኛው የአገራችን ሰው የሚያውቃት በአውቶቡስ ታፔላ ነው። በዲላ መናኸሪያ በኩል ያለፈ ሁሉ ስሟን ሲጠሩ ሰምቷል። ድንበሩን ተሻግሮ በኬንያ በኩል ያለችውን ሌላዋን ሞያሌ ግን ያየ ጥቂት ነው። እኔ ከዘጠኝ ዓመቴ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ እዚያ ኖሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ለአሥራ አራት ዓመት አልረገጥኳትም ነበር። በ2009 ዓ.ም. በጋ ሄጄ በአራተኛው ቀን ተመለስኩ። የሄድኩት የአንድ አባት ጥያቄ ለመመለስ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ ስለ ሬስሊንግ ነው። እንዲህ ላለ ነገር ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ለሚገርመው ሰው ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ።

አባቴ ሲሞት እናቴ ሁላችንንም ማሳደግ ስላልቻለች እኔን ወደ ወንድሟ ላከችኝ። አጎቴ ጋሼ ብርሃኑ መንግሥት ሲለወጥ ተሰዶ ኬንያ የገባና እዚያው የቀረ ሰው ነው። ያኔ ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ጄኔሬተርና ስድስት አግዳሚ ወንበር። ቅዳሜና እሁድ የሚታየው ሬስሊንግ ነበር፤ በስዋሂሊ «ሚየሌካ» ይሉታል። ካሴቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጋሼ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ በቀጭን ዱላ እየጠቆመ ይተርክ ነበር፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ። ማን ማንን እንደከዳ፣ ማን የማንን ወንድም እንደሰበረ፣ የዛሬው ቂም ከየት እንደመጣ። እኛ ልጆቹ ከፊት መሬት ላይ እንቀመጣለን። አንዲት ቃሉን አንጠራጠርም ነበር።

አንድ እሁድ ከቪዲዮ ቤቱ ወጥተን፣ እኔና ጓደኛዬ ቦሩ ያየነውን ለመሞከር ሄድን። አንዱ ሌላውን ዘቅዝቆ ያነሳዋል፤ ራሱን በጭኖቹ መሃል ይይዝና ቁጭ ይላል። ዘቅዝቄ አነሳሁትና ተቀመጥኩ። ከሥራችን ያለው ደረቅ ቀይ መሬት ነበር። ቦሩ በጀርባው ተዘርግቶ ቀረ። እኔ እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ እንደ ዳኛው መሬቱን በመዳፌ እየመታሁ እስከ ሦስት ቆጠርኩ። ከዚያም ተነስቼ ሁለት እጆቼን ወደ ላይ ዘረጋሁ። ቦሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀኝ እጁ ከባድ ነገር አያነሳም፤ ሲሄድ ቀኝ እግሩን ይጎትታል።

በሦስተኛው ቀን የቦሩ አባት ወደ ቪዲዮ ቤቱ መጡ። በዚያ አገር ሰው በበኩር ልጁ ስም ይጠራልና ስማቸው አባ ቦሩ ነው። ልጆቹ ያዩትን እንዲያሳያቸው ጋሼን ጠየቁት። ቆመው አዩ። ቴፑ ላይ የተዘቀዘቀው ሰው ተዘረረ፣ ተቆጠረበት፤ ትንሽ ቆይቶ ማጅራቱን ይዞ ተነሳና በእግሩ ሄደ። አባ ቦሩ፣ «ይህ ሰው ተነሳ። ልጅ የኔ ለምን አልተነሳም?» አሉ። ጋሼ ጄኔሬተሩን አጠፋ፤ ቪዲዮ ቤቱንም ዳግመኛ አልከፈተም። በዚያው ሳምንት እኔን ዲላ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ አሳፈረኝ።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አላሳለፍኩም። ዛሬ ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ እጠግናለሁ። አንድ ቀን የአንድ ደንበኛ ስልክ ድምፅ ማጉያውን ቀይሬ ለመፈተሽ ያገኘሁትን ድምፅ ስከፍት ፖድካስት ሆነ፤ ሁለት ፈረንጆች ስለ ሬስሊንግ ታሪክ ይጫወታሉ። የገባኝ ሩቡ ነው፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከዚያ በኋላ አንድ ሆቴል በር ላይ ቆሜ በሆቴሉ ዋይፋይ ክፍል በክፍል ማውረድ ጀመርኩ። በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ፣ ያልገባኝን ወደ ኋላ እየመለስኩ፣ ሦስት ደብተር ሞላሁ። እንግሊዝኛዬ ከዚያ የመጣ ነው። ነገሩ ድሮ በየከተማው በሚዞሩ የትርኢት ድንኳኖች እንደተጀመረ፣ ውጤቱን ተጋጣሚዎቹ ቀድመው እንደሚያውቁት፣ ይህንንም ለብዙ ዘመን በምስጢር እንደጠበቁት የተማርኩት ከዚያ ነው።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ቦሩ ደወለ። ሊያገባ ነው። «አባቴ ሰርግ የለም ይላል» አለኝ። «ያ ጥያቄ ሳይመለስ አልመርቅም ይላል። መጥተህ በአፍህ ንገረው።» ያለ አባት ምርቃት እዚያ አገር ማንም አያገባም።

የመጀመሪያው ቀን

ከዲላ የተነሳነው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ዝናብ ያካፋ ነበር። ስልኬ ውስጥ አሥራ አንድ ክፍሎች ጭኛለሁ፤ ሰባቱን ቀድሜ የሰማኋቸው፣ አራቱ አዲስ። ከጆሮ ማዳመጫዬ የሚሠራው የግራው ብቻ ነበር። የሰው ስልክ ስጠግን የራሴን ሽቦ መበየድ ረስቼ መምጣቴን መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው ያየሁት።

አጠገቤ የተቀመጡት ያቤሎ ላለች ልጃቸው ቆጮ የያዙ እናት ነበሩ። ይርጋ ጨፌ እስክንደርስ ዝም ብለው አዩኝና፣ «ስብከት ነው?» አሉኝ።

«አይደለም እማማ። የሬስሊንግ ታሪክ ነው።»

«እነዚያ በቁምጣ የሚደባደቡት?»

«አዎ። ግን ማን እንደሚያሸንፍ ሳይገቡ በፊት ተስማምተው ነው።»

ጥቂት አሰቡ። «ታዲያ የሚሸነፈው ምን ብሎ ይሄዳል?»

«ሥራው ነው።»

«መሸነፍ ሥራው የሆነ ሰው። ሚስቱ ታውቃለች?»

ምስጢሩን ለሚስቶቻቸውም ያልነገሩ እንደነበሩ፣ ጠላት መስለው የሚጋጠሙ ሁለት ሰዎች ሕዝብ እንዳያያቸው በአንድ መኪና እንደማይሄዱ ነገርኳቸው። ይህን ስናገር ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ ይህ ታማኝነታቸው ነበር የሚማርከኝ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «በገዛ ቤቱ የሚዋሽ ሰው ደግ አይደለም» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሀገረ ማርያምን አልፈን ትንሽ እንደሄድን የአውቶቡሱ ቺንጊያ ተበጠሰ። ሾፌሩ ሌላ ይዞ አልነበረም። ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ቆሞ እስኪረዳን ለአምስት ሰዓት ተኩል መንገድ ዳር ተቀመጥን። እማማ የልጃቸውን ቆጮ ፈትተው በዙሪያቸው ለነበርነው ሁሉ አካፈሉ። «ለልጅዎ ምን ይተርፋል?» ብላቸው፣ «እሷ ሥጋ ባለበት አገር ነው ያለችው» አሉኝ።

አካባቢው ከዚያ ጀምሮ ይለወጣል። እኛ ጋ ቤት ከእንሰት መሃል ብቅ ይላል፤ ወደ ታች ሲወርዱ ግን ከሩቅ የሚታየው ኩይሳ ነው፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ቀይ፣ እንደ ምሰሶ የቆመ። ዓመቱ ድርቅ ስለነበር የከብቶቹ የጎድን አጥንት ከመኪና ውስጥ ይቆጠር ነበር። በአውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ጨዋታ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ያቤሎ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የሄድኩበት ሆቴል ሞልቷል። የሆቴሉ ባለቤት ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ የሽንኩርትና የሩዝ ጆንያ ያለበት መጋዘን ውስጥ ፍራሽ አነጠፉልኝ። እጅ የሚታጠቡት በአንዲት ጣሳ ተለክቶ በሚሰጥ ውሃ ነው፤ ዲላ ዝናቡ እንዲያቆም እንደምንለምን ሳስብ አፈርኩ። ለእራት ሩዝ በፍየል ሥጋ በላሁ። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር፤ የስልኬ ባትሪ ደግሞ አሥራ አንድ በመቶ። ያለው አንድ የፀሐይ መብራት ነው፤ አንድ ስልክ ብቻ ይሞላል፤ እሱም ላይ የሴትየዋ ስልክ ተሰክቷል። ሙሉልኝ አላልኳቸውም። እሳቸው ግን ስልኬን ደጋግሜ ሳይ አይተው የራሳቸውን ነቀሉና፣ «አምጣ። የኔ ላይ የሚደውለው የሽንኩርት ነጋዴው ብቻ ነው፤ እሱም ዋጋ ሲጨምር ነው» አሉ። ጠዋት ስልኬን ሙሉ ሆኖ አገኘሁት።

ሁለተኛው ቀን

ከያቤሎ በሚኒባስ ተነሳሁ። ከሜጋ እስከ ሞያሌ የመጨረሻውን ክፍል ሰማሁ። አንድ ያረጀ ሬስለር ስለ ሙያው ያስረዳል። አንድ ሰው ሲወረወር ደህና መሆኑን በቃል መናገር ስለማይችል የጓደኛውን እጅ በስውር ጨመቅ እንደሚያደርግ፣ የሚጥለው ሰው ያንን ምልክት ሳያገኝ እንደማይቀጥል ይናገራል። ይህን ሁለት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። በዚያ እሁድ የቦሩ እጅ አጠገቤ ተዘርግቶ ነበር። ቆጠርኩ እንጂ አልያዝኩትም።

ቀትር ላይ ሞያሌ ደረስኩ። ከእኛዋ ሞያሌ ቁልቁል ወርዶ ወደ ኬንያዋ መውጣት ነው። አንድ ከተማ ለሁለት የተቆረጠ ይመስላል። ሰዉ ዘመድ ነው፤ ቋንቋውም ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ስዋሂሊ በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ኬላው ላይ የነበረው የኬንያ ፖሊስ በስዋሂሊ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ስዋሂሊዬ ሁሉ ጠፋብኝ፤ ከዚያ የልጅነት ቃል ድንገት መጣልኝ። «ኩዋ ምጆምባ» አልኩት፤ ወደ እናቴ ወንድም ማለት ነው። ፖሊሱ ሳቀ። «የምጆምባህን ቤት ካወቅክ አንተ እንግዳ አይደለህም» አለኝ በአማርኛ።

እዚያ መኪና በግራ ነው የሚሄደው። ወደ ግራ እያየሁ መንገድ ስሻገር ከቀኝ የመጣ ቦዳ ቦዳ፣ ማለትም ሰው የሚጭን ሞተር ሳይክል፣ ሊገጨኝ ለጥቂት ነው። ቦርሳዬን ጥሎ ሄደ። ሰዓቱ ግን ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ በስዋሂሊ ሲቆጥሩ እንደ እኛ ከንጋት ይጀምራሉ። ሌላ አገር ገብቶ ሰዓቱን የማይቀይር ሰው መቼም ከአገሩ የወጣ አይመስለውም።

ጋሼ የሚኖረው ሄሉ የሚባል ሰፈር ነው። አሁን ውሃ ይሸጣል፤ በሩ ላይ አንድ ትልቅ ታንከርና የተደረደሩ ቢጫ ጀሪካኖች አሉ። አቀፈኝና ራቅ አድርጎ አየኝ። ጠጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ የጫማ መደብር ሆኗል። ቴሌቪዥኑ የነበረበት ግድግዳ ላይ መደርደሪያውን የያዙት ችንካሮች አሁንም አሉ፤ አራት ናቸው።

ቻፓቲ በባቄላ ወጥ አቀረበልኝ፤ ቀጥሎም በወተት የተፈላ ሻይ። እኛ ጋ ሻይ በውሃ ይፈላል፤ ወተት ነው ብርቁ፤ እነሱ ጋ ውሃው ነው ብርቁ። ከበላን በኋላ የመጣሁበትን ነገርኩት። ስልኬን መሃላችን አስቀምጬ ስለ ምስጢሩ የሚያወራውን ክፍል ከፈትኩና እየቆረጥኩ ተረጎምኩለት። ድሮ እሱ ይተረጉምልኝ እንደነበረው ነበር። ራሱን ደፍቶ ሰማ።

«ለስንት ዘመን ጠበቁት?» አለ።

«እስኪሞቱ የጠበቁት አሉ ይላል።»

«ለልጆቻቸውም?»

«ለልጆቻቸውም።»

ኩባያውን አዞረ። «እነሱስ ማንን ጎዱ?»

አነጋገሩ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። ቀና ብዬ አየሁት። «ጋሼ፣ አንተ ታውቅ ነበር?»

«ናይሮቢ ካሴቱን የሸጠልኝ ሰውዬ ነው የነገረኝ። እየሳቀ። የመጀመሪያውን ካሴት ስገዛ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«ብነግራችሁ ማን ይገባ ነበር?» አለ። ከዚያም ለራሱ እንደሚያወራ፣ «አልዋሸሁም። ዝም ነው ያልኩት» አለ።

በዲላና በያቤሎ መካከል ያኮራኝ ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ ፊቱን ቀየረብኝ። የያዝኩት መልስ እውነት ነው፤ ነገር ግን እሱን ከተናገርኩ ጥያቄው ወደ ጋሼ ይሄዳል። እኔ ነገ ተነገ ወዲያ ወደ ዲላ እመለሳለሁ። እሱ ግን በዚያች ከተማ ውሃ እየሸጠ ይኖራል፤ አባ ቦሩም በየጠዋቱ በበሩ ያልፋሉ።

«ነገ አብረኸኝ ትመጣለህ?» አልኩት።

«ደንበኞች አሉኝ» አለና ኩባያዎቹን ሰበሰበ።

ሦስተኛው ቀን

አባ ቦሩ የሚኖሩት ኦዳ የሚባል ሰፈር ነው። ቦሩ መንገድ ላይ ወጥቶ ጠበቀኝ። የስልክ ካርድ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችው። ግራ እጁን ዘረጋልኝ። ጢም አብቅሏል፤ ትከሻው ሰፍቷል።

«ቀጠንክ» አለኝ። «አሁን ብትፈልግም አታነሳኝም። ሰባ አንድ ኪሎ ነኝ።»

እሱ እየሳቀ ገፋ አደረገኝና መንገዱን ጀመርን። እግሩን ሲጎትት አቧራው ላይ መስመር ይቀራል። ከመስመሩ ላይ እግሬን ላለማሳረፍ ስጠነቀቅ አይቶኝ፣ «ርገጠው ባክህ፣ አይጠፋም» አለኝ።

አባ ቦሩ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከግራር ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። በከብት ንግድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንበር ሲሻገሩ የኖሩ ስለሆኑ አማርኛ ያውቃሉ፤ አነጋገራቸው ግን የገበያ አማርኛ ነው። «ነጋ» ብለው ሰላምታ ሰጡኝ፤ እኔም «ነጋ» አልኩ፤ ሰላም ማለት ነው።

«መጣህ። ጥሩ። ሻይ ጠጣ፣ ከዚያ እጠይቃለሁ።»

ጠጣሁ። ኩባያዬን እስካስቀምጥ ጠበቁ።

«አሥራ አራት ዓመት ሁለት ነገር አስባለሁ» አሉ። «ወይ እጅ ያንተ ክፉ ነበር። ወይ አጥንት የልጅ የኔ ደካማ ነበር። ሁለቱም ጥሩ አይደለም። አሁን ልጅ ያገባል፣ ይወልዳል። ስለዚህ ማወቅ አለብኝ። ያ ሰው ለምን ተነሳ?»

በቃል ለማስረዳት ሞከርኩ። ግማሹ የእንግሊዝኛ ነገር ነው፤ ግማሹም ለማየት እንጂ ለመስማት አይሆንም። በመጨረሻ አጥሩ ሥር የነበረ ባዶ ጀሪካን አምጥቼ፣ «ይህ ቦሩ ነው። አፉ የሱ ራስ ነው» አልኳቸው። አንደኛው ሽማግሌ ወደ ቦሩ ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉና ሳቁ። ቦሩም ሳቀ። አባ ቦሩ አልሳቁም።

በመጀመሪያ በዚያ እሁድ እንዳደረግኩት አደረግኩ። ጀሪካኑን ዘቅዝቄ በጭኖቼ መሃል ያዝኩና ተቀመጥኩ። አፉ ከእኔ መቀመጫ ዝቅ ብሎ ስለነበር ቀድሞ መሬቱን መታ። ክዳኑ ሲሰነጠቅ ሁላችንም ሰማን።

ከዚያ እነሱ እንደሚያደርጉት አደረግኩ። ሰውየውን ከፍ አድርጎ መያዝ ነው፤ ራሱ ከጭን ሥር እንዳያልፍ በጉልበት ማጥበቅ ነው። ሲቀመጡ መሬቱን የሚመታው የያዘው ሰው መቀመጫ ነው። የተያዘው ሰው አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል። የእነሱ ወለልም ከሥሩ ባዶ የሆነ ጣውላ ነው፤ ሲወድቁበት ዝቅ ይላል። ተቀመጥኩ። ጀሪካኑ መሬት አልነካም።

አባ ቦሩ ተንፏቅቀው ቀረቡ። ጎንበስ ብለው ከጀሪካኑ አፍ በታች እጃቸውን አስገቡ። አራት ጣት ገባ።

«ይህች ናት?» አሉ።

«ይህች ናት።»

«እንደገና። አሁን እጅ የኔ እዚህ ይሁን።»

መዳፋቸውን መሬት ላይ ዘርግተው አስቀመጡ። እምቢ ለማለት አሰብኩ፤ ሳያቸው ግን የሚጠይቁኝ ይህንኑ እንደሆነ ገባኝ። ጀሪካኑን አነሳሁ። የተሰነጠቀው ክዳን ጭኔን ቆርጦኛል። ከፍ አድርጌ ይዤ ተቀመጥኩ። እጃቸው አልተነካም። አላነሱትም፤ ለረጅም ጊዜ እዚያው ተዉት።

«አጥንቱ ደህና ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ደህና ነው አባ ቦሩ። እኔም ብሆን፣ እነዚያ ሰዎችም ቢሆኑ፣ በዚያ አያያዝ ማንም አይነሳም ነበር። እኔ መያዙን አላወቅኩም።»

«ግን ቆጠርክ» አሉኝ። «ልጅ የኔ ተኝቷል፣ አንተ ቆጠርክ።»

«ቆጠርኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ቦሩ በአማርኛ ተናገረ። «ሰምቼዋለሁ ስትቆጥር። እኔም አብሬህ እቆጥር ነበር። ሦስት ሳይሞላ መነሳት ጨዋታውን ማበላሸት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከሦስት በኋላ ልነሳ ስል ነው እንደማልችል ያወቅኩት።» ቀጥሎ ለአባቱ በኦሮምኛ ደገመላቸው፤ ልክ ጋሼ በቪዲዮ ቤቱ እንደሚያደርገው፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ በኦሮምኛ። አባ ቦሩ አይኖቻቸውን ጨፈኑ።

ሲገልጧቸው ወደ እኔ አልነበረም የሚያዩት። «ልጆች አያውቁም። ማን ያውቅ ነበር?»

መሬት መሬት አየሁ። ከኋላዬ ግን ከአጥሩ መግቢያ ድምፅ መጣ።

«እኔ አውቅ ነበር።»

ጋሼ ነው። መቼ እንደመጣ አላየሁም፤ አዲስ የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል። አልገባም፤ እዚያው ቆሞ በኦሮምኛ ተናገረ። እኔ በቅጡ የምሰማው ግማሹን ነው፤ ናይሮቢ የሚለውን፣ ሰውየው ሳቀ የሚለውን፣ ልጆቹ ከፊት ይቀመጡ ነበር የሚለውን ሰማሁ። አልተከላከለም። ሲጨርስ እጆቹን አጣምሮ ቆመ።

አባ ቦሩ ትኩር ብለው አዩት። የመለሱለት በአማርኛ ነው፤ እኔ እንድሰማ ይመስለኛል።

«ብርሃኑ፣ በየቀኑ ጠዋት ነጋ ትለኛለህ። አሥራ አራት ዓመት።»

«አዎ።»

«እኔም እመልሳለሁ።»

«አዎ።»

«ግባ። ሻይ ጠጣ። ከነገ ጀምሮ ግን ነጋ አትበለኝ። ሲበቃኝ እኔ እልሃለሁ።»

ጋሼ ገብቶ ከምንጣፉ ዳር ተቀመጠ። ሻይ ተቀዳለት፤ ጠጣው። ከዚያ አባ ቦሩ ቦሩን ከፊታቸው አስቀምጠው መረቁ። በየምርቃቱ መጨረሻ እኛ «ነጋ» እያልን ተቀበልን። ጋሼ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ድምፁን ግን አላሰማም።

አራተኛው ቀን

ጠዋት ጋሼ እስከ ኬላው ሸኘኝ። ዳቦና ሁለት የታሸገ ውሃ ያዘልኝ። ቦሩም ከሱቁ የጆሮ ማዳመጫ አምጥቶ ሰጠኝ፤ በሁለቱም በኩል ይሠራል። «ስልክ ጠጋኝ ሆነህ በአንድ ጆሮ ትሰማለህ?» አለኝ። ለሰርጉ ቆይ አለኝ፤ ሰርጉ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለነበር ሱቄን ዘግቼ መቆየት አልቻልኩም።

ከጋሼ በር ገና ሳንርቅ አባ ቦሩ ከፊታችን መጡ። ወደ ከብት ገበያ መሄዳቸው ነው። ጋሼ አፉን ሊከፍት ሲል ራሱን ገታ። አባ ቦሩ እጄን ጨበጡኝና «በሰላም ግባ፣ ለእናትህ ነጋ በልልኝ» አሉኝ። ጋሼን አልፈውት ሄዱ። ጋሼ እስኪርቁ ድረስ ቆሞ አያቸው። «ልማድ መጥፎ ነው» አለኝ፤ «አፌ በራሱ ይከፈታል።»

ኬላው ላይ ስንለያይ፣ «ባትናገር ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አንተ ትነግራቸው ነበር?»

«አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነበር።

«እኔም አላውቅም ነበር» አለ። «ሸሚዙን እስክለብስ ድረስ።»

የመልሱ መንገድ ያለ ችግር አለቀ። ምንም አልሰማሁም፤ ማዳመጫውን በኪሴ ይዤ መስኮቱን አየሁ። ሀገረ ማርያምን አልፈን አረንጓዴው ሲጀምር ዝናብ ተቀበለን።

ሰርጉ በደንብ ተደረገ፤ ቦሩ ፎቶ ላከልኝ። አባቱ ከአጠገቡ ቆመዋል። ጋሼ ፎቶው ላይ የለም። ውሃውን ግን እሱ ነው የላከው፤ ሠላሳ ጀሪካን፤ ማንም አልመለሰውም።

እሁድ እሁድ ለጋሼ እደውልለታለሁ። ወንበሩን ከታንከሩ ጀርባ አንስቶ መንገድ ዳር እንዳስቀመጠ ነግሮኛል። አባ ቦሩ ሲያልፉ ብድግ ብሎ ይቆማል፤ አፉን ግን ዘግቶ። ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነው፤ ነጋ ብለውት እንደሆነ። ባለፈው እሁድም ጠየቅኩት።

«ዛሬስ?»

«ዛሬም አለፈ» አለኝ። «ግን ቆመ። ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶበት ነበር መሰለኝ፣ አውልቆ አራገፈው።»

«የት?»

«እዚሁ» አለ ጋሼ። «በሬ ላይ።»